የሚስተር ታንዝሊ ፎሶሊያ

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ጎረቤታችንን ሚስተር ክሊፎርድ ታንዝሊን ላጠፋ መቀስ ይዤ ተነሣሁ። ያጠፋሁት ሰውየውን ሳይሆን ፎሶሊያቸውን ነው፤ ግን እሳቸውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል እንዳልነበረ ይመሰክርልኛል።

የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ደርቢ ከተማ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ነው። እናቴ ማርሻ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነች፤ ከማለዳ ጀምራ መሪ ላይ ስለምትውል ያሳደገችኝ አያቴ አይሲልዳ ናት ማለት ይቻላል። አያቴ በስምንት ዓመቷ በአክስቷ ፓስፖርት ላይ ተጽፋ ከጃማይካ መጣች። ከዚያ ወዲህ ስኬግነስ ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ሄዳ በነፋስ ተመትታ ከመመለሷ በቀር ርቃ የሄደችበት ቦታ የለም። ሰፈራችን ባለው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የእጇን በልተው ነው ያደጉት፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ጢማቸውን አሳድገው እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኟት «ሚስስ ፔናንት፣ ያ የካስታርድ ጣፋጭ እንዴት ነው?» እያሉ ያቅፏታል።

ከመንገዳችን መጨረሻ ላይ ከተማው ለነዋሪዎች እየሸነሸነ የሚያከራየው የአትክልት ቦታ አለ። የአያቴ መደብና የሚስተር ታንዝሊ መደብ ጎን ለጎን ናቸው፤ መሃላቸው ያለው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ሁለቱ በፎሶሊያ ምክንያት ከአርባ ዓመት በላይ ተናቁረዋል። በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የአትክልት ውድድር ይደረጋል፤ ረጅሙን፣ ቀጥ ያለውንና ያልተጎዳውን ፎሶሊያ ያቀረበ ያሸንፋል። አንድ ዓመት እሷ፣ አንድ ዓመት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ለሦስተኛ ደረጃ ነበር የሚመጡት።

ሚስተር ታንዝሊ ደግሞ ውድድሩን የሚያዘጋጀው የአትክልተኞች ማኅበር ጸሐፊም ነበሩ። ድሮ አንድ ሰው ከገበያ የገዛውን ካሮት የራሴ ነው ብሎ ካቀረበ ወዲህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በካርዱ ላይ ሙሉ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ፣ ቀን ጨምሮ፣ እሳቸው ፊት ካልፈረመ አንዲት ድንች እንኳ ጠረጴዛው ላይ አትወጣም። ሰዎች ከኋላቸው ያሟቸው ነበር። አያቴ ግን ፊት ለፊት ነው የምትነግራቸው። «ክሊፍ፣ አንተ ስትሞት መልአኩ እንኳ ሳይፈርም አይወስድህም» ትላቸዋለች።

የማወራው እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ስለተደረገበት በጋ ነው። ቴሌቪዥኑን በከፈትን ቁጥር ሰዎች ጣት እየተቀሳሰሩ ይጮኻሉ። ስለ ድንበር፣ ስለ ስደተኛ፣ በየሆስፒታሉ ስላለው ሰልፍ ይከራከራሉ። አያቴ ድስቱን እያማሰለች ትመልስላቸዋለች፤ አይሰሟትም እንጂ ብዙዎቹን ትረታቸው ነበር። ሚስተር ታንዝሊም መስኮታቸው ላይ በቀይ ፊደል የተጻፈ ትልቅ ወረቀት ለጠፉ። «አገራችንን መልሱልን!» ይላል። ከበራችን በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር።

«እማማ፣ አገራቸውን ማን ወስዶባቸው ነው?» ብዬ አያቴን ጠየቅኳት።

«እኔ እንጃ፣ የኔ እናት። እኔ ጋ የለም። ከፈለግሽ ኪሴን ፈትሺ።»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። በዚያው ሳምንት መደቡ ላይ አረም እየነቀልን ሳለ ሚስተር ታንዝሊ በመሃል መንገዷ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይሲ፣ ያ ወረቀት... አንቺን ማለቴ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ አይደል?»

አያቴ ቀና አላለችም። «ታዲያ ማንን ማለትህ ነው?»

«እነዚህን አሁን የሚመጡትን ነዋ። አንቺማ የኛው ነሽ።»

«እኔም አንድ ጊዜ አሁን የመጣሁ ነበርኩ እኮ ክሊፍ። በስንት ዓመቴ ነው አሁን መምጣቴ የሚያልቀው?»

ሚስተር ታንዝሊ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት፤ ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ብለው ሄዱ። ውጤቱ የተነገረ ዕለት ጠዋት እሳቸው በደስታ እያፏጩ ወጡ፤ አያቴ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላናገረቻቸውም። ቀኖቹን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በሐምሌ ውስጥ አንድ ደብዳቤ መጣ። አያቴ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ አነበበችው። በማግሥቱ ወደ ሥራ አልሄደችም። «እረፍት ወጣሁ» አለችኝ። በደስታ ዘለልኩ። ግን እረፍቷ እንግዳ ነገር ነበር። መሳቢያዎችን ሁሉ ገለበጠች፤ የድሮ ፎቶዎች፣ የእናቴ የክትባት ካርድ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የትምህርት ቤት ሽልማት ጠረጴዛው ላይ ተከመሩ። ከአገር የሚሄድ ሰው ዕቃውን እንዲህ ነው የሚሰበስበው ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ደግሞ እናቴ የአውቶቡስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ካላቀረበች ይልኳታል። ስድሳ ዓመቷ ነው! የት ነው የሚልኳት? እዚያ ማንን ታውቃለች?» እያለች ታለቅስ ነበር።

ዛሬ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕጉ ተቀይሮ አሠሪም አከራይም የሰዉን ወረቀት እንዲመረምር ተደርጎ ነበር። በልጅነቷ እንደ አገሬው ልጅ የመጣችው አያቴ የአገሩ ሰው መሆኗን የሚናገር አንድ ወረቀት እንኳ አልነበራትም፤ እጠየቃለሁ ብላም አስባ አታውቅም። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ሥራ እንድታቆም ስትነግራት የምታለቅሰው ርዕሰ መምህርቷ ነበረች። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እዚህ ለመኖሯ ለእያንዳንዱ ዓመት ማስረጃ ጠየቀ። እናቴን ስታሳድግና ሰው ቤት እየዞረች ስታጸዳ ያሳለፈቻቸው ዓመታት የትም አልተመዘገቡም። ያኔ ግን ይህን ሁሉ ማን ይንገረኝ? እንዳልፈራ ብለው ደበቁኝ፤ እኔም የማላውቀውን ራሴ ፈጥሬ ፈራሁ። እኔ የማውቀው አያቴን የሚወስዱ ሰዎች መኖራቸውንና በመንገዳችን ላይ ይህን የሚመኝ አንድ መስኮት መኖሩን ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ መደቡ ጋ ስጫወት ከሚስተር ታንዝሊ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። በመስኮቱ አሾልኬ ተመለከትኩ። አንድ ወጣት፣ ክራቫት ያሰረ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው የሳጥን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ሚስተር ታንዝሊ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያጽፉታል።

«ሙሉ ስሟን ጻፍ። አይሲልዳ ሜይ ፔናንት። አድራሻዋ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቤት ነው። ዓመቶቹ ደግሞ፣ ሰባ አራት። ሰባ አምስት። ሰባ ስድስት... ሁሉም እኔ ጋ አለ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ዓይኔን ከእሷ ላይ አንሥቼ አላውቅም፣ ልጄ! ሁሉንም ነው የምትሰጣቸው። አንዲት ዓመት እንዳትቀር።»

ሰላይ ናቸው ማለት ነው! ስሟን፣ ቤታችንን፣ ዓመቷን ሁሉ ለሚወስዷት ሰዎች እየሰጡ ነው። እቤት ሮጬ ገባሁና አያቴን ወገቧ ላይ ተጠምጥሜ ያዝኳት። «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ምንም» አልኩ። ብነግራት ታዝናለች ብዬ ነው። እነሱ እንዳልፈራ ደበቁኝ፣ እኔ እንዳታዝን ደበቅኳት፤ ቤታችን እንዲህ በፍቅር የተሞላ ነበር።

ያ ወጣት፣ በኋላ እንዳወቅኩት፣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ማክሰኞ ማክሰኞ እየተቀመጠ አቅም የሌላቸውን በነፃ የሚረዳ ጠበቃ ነበር። ወደ ጎጆው የላከችውም አያቴ ራሷ ነበረች። ዘጠኝ ቀን የዘጋቻቸውን ሰው ሄዳ «ክሊፍ፣ ካርዶቼ አሉህ?» ብላ እንዴት እንደጠየቀቻቸው እስከ ዛሬ ነግራኝ አታውቅም። ቀላል እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ፤ እኔ አያቴን አውቃታለሁ።

ለውድድሩ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው የስፌት መቀሷን ሰርቄ ወጣሁ። ፀሐይ ነበር። አያቴ ቤተ መጻሕፍት ሄዳለች፤ እናቴ ሥራ ላይ ነች። የሚስተር ታንዝሊ ብስክሌት ከጎጆው በር ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ እሳቸውም የሉም ብዬ ገባሁ። የፎሶሊያው ሐረጎች ከእኔ ቁመት እጥፍ በሚሆን ቀርከሃ ላይ ተጠምጥመው ወጥተዋል፤ ቀይ አበባቸው ላይ ንቦች ይጮኻሉ። ፍሬዎቹ ገና እየረዘሙ ነበር። ተንበርክኬ ሐረጎቹን አንድ በአንድ ከሥራቸው ቆረጥኩ። አሥራ ስድስት ነበሩ። ግንዳቸው ከጠበቅኩት በላይ ጠንካራ ስለነበር በሁለት እጄ ነው መቀሱን የጨበጥኩት፤ እጄ አረንጓዴ ሆነ። ስጨርስ ሐረጎቹ ምንም እንዳልሆኑ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ይህ በጣም አናደደኝ።

በማግሥቱ ግን ጠወለጉ፤ በሦስተኛው ቀን ደረቁ። አያቴ ስታይ ባልዲዋን ጣለችው።

«ክሊፍ! በስመ አብ፣ ምን ሆኖብህ ነው?»

ሚስተር ታንዝሊ ቀርከሃቸውን እየነቀሉ ነበር። «ቀንድ አውጣ ነው» አሉ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ቀንድ አውጣ መቀስ የሚይዘው? እየው፣ ቀጥ ተደርጎ እኮ ነው የተቆረጠው!»

«የዘንድሮው ይይዛል፣ አይሲ። ተይው በቃ።»

እኔ ከአያቴ ኋላ ቆሜ የጫማዬን ማሰሪያ እያየሁ ነበር። ስለ ዘሩ ያኔ አላውቅም ነበር። ሚስተር ታንዝሊ በየዓመቱ ከራሳቸው ፎሶሊያ ረጅሙን እየመረጡ፣ እያደረቁ፣ መልሰው እየዘሩ ሠላሳ ዓመት ያራቡት ዘር ነበር። የቀድሞውን ዓመት ትርፍ ለጓደኞቻቸው አድለውታል፤ የዚያን ዓመቱ ደግሞ ሳይበስል ደረቀ። እኔ የቆረጥኩት የአንድ በጋ ፎሶሊያ መስሎኝ ነበር።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ሽንኩርት ሽንኩርት፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ የሚስተር ታንዝሊ ቦታ ባዶ ነው። አያቴ ዘጠኝ ፍሬዋን በጥቁር ጨርቅ ላይ ደርድራ አንደኛ ወጣች። ሚስተር ታንዝሊ ካርዱንና ብዕሩን ይዘው መጡ።

«ሙሉ ስምሽን ጻፊ። አድራሻሽን። ቀኑን። ዓመቱንም አሟልተሽ።»

«አውቃለሁ ክሊፍ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ነግረኸኛል።»

«ዛሬም እነግርሻለሁ።»

ፈረመች። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በማሸነፏ መሰለኝ። እኔ ነኝ ያሸነፍኩላት ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የዚያ ዓመት ማስረጃዋ ያ ካርድ እንደነበረና የመጨረሻው እንዳይሆን ፈርታ ማልቀሷን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ በኅዳር መጣ። አያቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አነበበችውና ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ እስክትጨርሰው አልጠበቀችም፤ መሃል ላይ ጮኸች። ተቃቀፉ፤ እኔንም ጎትተው መሃላቸው አስገቡኝ። አያቴ አገሯ ውስጥ መኖር ትችላለች ይላል ደብዳቤው። ሥራዋም ተመለሰላት። በዚያው ቀን የዝንጅብል ኬክ ጋገረችና ሳህኑን እጄ ላይ አኖረችው።

«ለሚስተር ታንዝሊ አድርሺ።»

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም! እሳቸው ናቸው የነገሩብሽ! ስምሽን ሲያስጽፉ ሰምቻለሁ! ዓመቱን ሁሉ ሲቆጥሩ ሰምቻለሁ!»

አያቴ ሳህኑን ተቀበለችኝና አስቀመጠችው። ከቁም ሣጥኑ አንድ ወፍራም ክምር አወጣች፤ የካርዶቹ ቅጂ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ጀምሮ በየዓመቱ ስሟ፣ አድራሻዋ፣ ቀኑና ፊርማዋ አለ፤ ከሥሩ የሚስተር ታንዝሊ ማኅተም። መጀመሪያ ላይ ፊርማዋ የልጃገረድ ነው፤ ቀስ በቀስ የአያቴ ይሆናል። ሰማንያ ሦስት ላይ ካርድ የለም። በዚያ ዓመት ደንቡ ዘጠኝ ፍሬ እያለ አያቴ ለጋስ ሆና አሥር አቀረበች፤ ሚስተር ታንዝሊ «እንደ ደንቡ አይደለም» ብለው አስወጧት፤ እሷም ካርዱን ፊታቸው ቀደደችው። በካርዱ ፈንታ ያለው በማግሥቱ የጻፈችላቸው የሁለት ገጽ የስድብ ደብዳቤ ነው። አያቴ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። «እኔ በዚህች ከተማ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስኖር እንደ አንተ ያለ ግትር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«ጠበቃው ይቺን ሲያነብ ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ይሄ ነው አለ» አለችኝና ከት ብላ ሳቀች። «እስቲ አስቢው። ክሊፍ ስድቤን ሠላሳ ሦስት ዓመት በብስኩት ቆርቆሮ አስቀመጠው!»

ሳህኑን ይዤ ሄድኩ። ሚስተር ታንዝሊ በሩን ከፈቱ። ስለ መቀሱ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ሳህኑን ብቻ ዘረጋሁላቸው። «ሳህኑን አጥቤ እመልሳለሁ በያት» አሉና ኬኩን ተቀበሉኝ። ያ ቀይ ወረቀት ገና መስኮታቸው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በሱቅ ዘር እየተወዳደሩ በአያቴ ተሸነፉ። «ክሊፍ፣ እጅህ ደከመ መሰለኝ» እያለች ስታሾፍባቸው ወደ መሬት ልግባ ወደ ሰማይ ልውጣ እላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ሃያ ዓመቴ ነው። ሚስተር ታንዝሊ ሰማንያ አራት ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ እሑድ እሑድ ዕቃ ገዝቼላቸው እገባለሁ። በፖለቲካ ተስማምተን አናውቅም። ጋዜጣቸውን ጮክ ብለው እያነበቡ ሆን ብለው ያናድዱኛል፤ እኔም አልተዋቸውም። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ግን ወተቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ እያስቀመጥኩ፣ ፊቴን ሳላዞር፣ «ፎሶሊያዎትን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ። «አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ጎጆው ውስጥ ነበርኩ። ብስክሌቴን ጎማ ሊቀየርለት ወስደውት ነበር። ስትገቢ ጀምሮ በመስኮት አየሁሽ።»

ዞርኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ዝም ልል አልነበረም፤ ልጮህብሽ ተነሥቼ የበሩን እጀታ ይዤ ነበር። ከዚያ ምን ልልሽ ነው? ሳታውቂ በሰው ላይ አትፍረጂ ልልሽ ነው? እኔ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «መስኮቴ ላይ ምን ለጥፌ እንደነበር ረሳሽው? ማንበብ የምትችል ልጅ ነሽ። የለጠፍኩትን አምነሽ ነው የቆረጥሽው።»

የማቀዝቀዣውን በር ዘጋሁ።

«ተመልሼ ተቀመጥኩ» አሉ። «የአያትሽን ካርዶች በየዓመታቸው እየደረደርኩ ነበር። አንቺ መቁረጥ ስትጀምሪ የሰማንያ አንዱ ካርድ ላይ ነበርኩ። ያ የስድብ ደብዳቤዋም መሃል ላይ ወጣ። ጨርሰሽ ስትሄጂ ሰማንያ ስድስት ደርሼ ነበር።»

እዚያው ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ፤ ስለ አያቴ አመሰግናለሁ ማለት የቻልኩትም ያኔ ነው።